ለአሜሪካ ዜግነት የሕግ እርዳታ ማግኛ መንገድ፦ ከጎጃም ለሄዱና ጎጃም ለቀሩ ቤተሰቦቻቸው

የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ኤን-400 ይባላል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። «ፎርም ለመሙላት ጠበቃ ምን ያደርጋል?» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግብር ለሚሠራለት ሰው ጥቂት ዶላር ከፍሎ ያስሞላና ይልካል። አደጋው ያለው ግን ፎርሙ ላይ አይደለም። ማመልከቻው ሲገባ ዩኤስሲአይኤስ የተባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የአመልካቹን የድሮ ፋይል ያስወጣል፦ ዲቪ (የግሪን ካርድ ሎተሪ) ሲሞላ የጻፈውን፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ የመለሰውን፣ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ከሆነ የሰጠውን ቃል፣ ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ካርድ) ሲያወጣ የፈረመውን ሁሉ። መርማሪው አዲሱን መልስ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥያቄው «ዜግነት ይገባዋል ወይ?» ከሚለው ያልፍና «ግሪን ካርዱንስ መጀመሪያ በትክክል ነው ወይ ያገኘው?» ወደሚለው ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼኔ ነው።

ስለዚህ ከሕግ ባለሙያ የሚፈለገው ትልቁ ሥራ ያንን ፋይል ከመርማሪው ቀድሞ ማንበብ ነው። ይህ ደግሞ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት እንጂ ቀጠሮ ከደረሰ በኋላ አይሠራም። ከታች ያለው በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጉዳይዎ ቀላል ነው ወይስ ጠበቃ የሚያስፈልገው?

ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት የሞላዎት፣ ከአሜሪካ ውጭ ረጅም ጊዜ ያልቆዩ፣ ፖሊስ ይዞዎት የማያውቅ፣ ትዳርዎም ልጆችዎም ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁሉም ወረቀት ላይ በትክክል የተጻፉ፣ ግብርዎን በየዓመቱ ያሳወቁ ከሆነ የግል ጠበቃ መቅጠር ግድ አይደለም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ነፃ የዜግነት ቀን፣ ወይም የተፈቀደለት የድርጅት ተወካይ ይበቃዎታል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ማንም ምንም ቢልዎ ከጠበቃ ጋር ሳይቀመጡ አይላኩ፦

- ፖሊስ ይዞዎት የሚያውቅ ከሆነ። ክሱ ቢዘጋም፣ «ከመዝገብ ተሰርዟል» ቢባልም፣ የተያዙት ቡሬ ወይም ሞጣ ቢሆንም። ፎርሙ የሚጠይቀው የትም አገር የሆነውን ነው።
- ከአሜሪካ ውጭ በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ከቆዩ።
- ዲቪ ሲሞሉ ያልጻፉት የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ካለ፤ ወይም ዲቪ ከደረሰ በኋላ ለወረቀት ሲባል ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ ካለ።
- ለምርጫ ከተመዘገቡ ወይም ድምፅ ከሰጡ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት መራጭ አድርጎ አስመዝግቦዎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ «ዜጋ ነኝ» ብሎ እንደ መዋሸት ሊቆጠር የሚችል ከባድ ነገር ነው።
- ወንድ ሆነው ከ18 እስከ 26 ዓመትዎ ባለው ጊዜ ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ ከኖሩና ሴሌክቲቭ ሰርቪስ ለሚባለው የውትድርና መዝገብ ካልተመዘገቡ። 31 ዓመት ካለፈዎ ነገሩ በአብዛኛው ይቀላል፤ ከ26 እስከ 31 ባለው ግን ሆን ብለው እንዳልተዉት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።
- ወታደር፣ ፖሊስ፣ የእስር ቤት ጠባቂ፣ ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ ወይም የማንኛውም ታጣቂ ቡድን አባል ከነበሩ።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ፎርሙ መደበኛውን ሠራዊትም፣ ሚሊሻንም፣ አማፂ ቡድንንም፣ የአካባቢ ጥበቃንም በየስማቸው እየጠራ ይጠይቃል። ጎጃም ውስጥ ቀበሌ ጥበቃ ያልወጣ ጎልማሳ ጥቂት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ጦርነት ደግሞ ለፋኖ ስንቅ ያቀበለ፣ ከውጭ ሆኖ ገንዘብ የላከ፣ ወይም በሌላው ወገን የተሰለፈ ዘመድ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ሕግ ለታጣቂ ቡድን ገንዘብ፣ ምግብ ወይም ማደሪያ መስጠት «ቁሳዊ ድጋፍ» ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ተገድዶ መስጠትም በራሱ ነፃ አያወጣም፣ ነፃ የሚያወጣ ልዩ ፈቃድ ግን አለ። የቡድኑ ዓላማ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እዚህ አይነሳም። መዋሸትም መፍትሔ አይደለም፤ በመሐላ የተሰጠ የውሸት ቃል ከተሰጠው ስንቅ ይልቅ ብዙ ጊዜ የከፋ ጉዳት ያመጣል። የሆነውን በሙሉ ለጠበቃ መንገርና እንዴት እንደሚጻፍ ከእሱ ጋር መወሰን ነው።

2. ቀኑን መቁጠር

ግሪን ካርዱ ላይ «ነዋሪ የሆኑበት ቀን» ተብሎ የታተመ ቀን አለ። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ እንጂ ካርዱ በፖስታ ከደረሰበት ቀን አይደለም። አሳይለም ያገኙ ሰዎች ካርዳቸው ላይ ያለው ቀን ግሪን ካርዱ ከተፈቀደበት በ1 ዓመት ወደ ኋላ የተጻፈ ስለሆነ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃሉ። ማመልከት የሚቻለው 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ነው። 91 ቀን ሲቀረው የገባ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል።

የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ ለሚኖር ሰው 5ቱ ወደ 3 ዓመት ይወርዳል፤ ግን በ3ቱም ዓመት ባለቤቱ ዜጋ መሆን፣ አብረውም መኖር አለባቸው። ትዳሩ የሻከረ ሰው በ3 ዓመቱ መንገድ መሄድ አይገባውም፤ 5 ዓመቱን ጠብቆ በራሱ ቢያመለክት ይሻለዋል።

ከ5 ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 30 ወር (በ3 ዓመቱ መንገድ 18 ወር) በአካል አሜሪካ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል፤ በሚያመለክቱበት ስቴት ደግሞ 3 ወር። የጎጃምን ሰው የሚይዘው ግን የአንድ ጉዞ ርዝመት ነው። እናቱን ሊያስታምም ሄዶ፣ ለቅሶው ተከትሎ፣ ተዝካሩ ሳይወጣ አልመለስም ብሎ ስምንት ወር የቆየ ሰው «ኑሮውን ትቷል» የሚል ግምት ይወድቅበታል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፦ የቤት ኪራይ ሳይቋረጥ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ አሠሪ የሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ፣ የግብር ወረቀት፣ አሜሪካ የቀሩ ልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የእናቲቱ የሆስፒታል ካርድ፣ የተሰረዘ የአውሮፕላን ትኬት። እነዚህን አደራጅቶ ማቅረብ የጠበቃ ሥራ ነው። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቆጠራው ይሰበራል፤ እንደገና ለማመልከት ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 4 ዓመት ከ1 ቀን መጠበቅ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሪኤንትሪ ፐርሚት (ወደ አሜሪካ ተመልሶ መግቢያ ፈቃድ) አውጥቻለሁ» ብሎ መተማመን ነው። ያ ፈቃድ ግሪን ካርዱን ይጠብቃል እንጂ የዜግነቱን ቆጠራ አይጠብቅም።

የጉዞ ቀኖችን ከፓስፖርቱ ማኅተም ሲገለብጡ ይጠንቀቁ፤ አሮጌ ፓስፖርት ካደሱ አሮጌውንም ይያዙ።

3. በሕግ መርዳት የሚችለው ማን ነው?

ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው፤ የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የየትኛውም ስቴት ፈቃድ ይሠራል። ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑንና የተቀጣ መሆን አለመሆኑን የየስቴቱ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የተፈቀደለት ተወካይ ነው። የድርጅቶቹና የተወካዮቹ ስም ዝርዝር በስቴትና በከተማ ተከፋፍሎ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ካቶሊክ ቻሪቲስና ኢንተርናሽናል ሬስኪው ኮሚቲ በብዙ ከተሞች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ከፊል ፈቃድ ያለው ተወካይ ዩኤስሲአይኤስ ፊት ይቆማል፤ ሙሉ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ይገባል። ዋጋቸው ከግል ጠበቃ በጣም ያነሰ ነው፤ አንዳንዴ ነፃ ነው።

ኖተሪ ጠበቃ አይደለም። ፊርማ ያረጋግጣል፣ በቃ። ግብር የሚሠራው፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ፣ ቀድማ ዜግነት ያገኘችው እህት፣ እነዚህ የነገሩዋቸውን በጽሑፍ ማስፈር ይችላሉ እንጂ «ይኼን እንዲህ በል» ብለው ማማከር አይፈቀድላቸውም። የጻፈው ሰውም ስሙን አስፍሮ መፈረም ያለበት ቦታ ፎርሙ ላይ አለ። ገንዘብ ተቀብሎ እዚያ ላይ አልፈርምም ያለ ሰው ካለ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ።

ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦ «የአሜሪካ ዜግነት እናፋጥናለን» የሚል ማንኛውም ቢሮ ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም። ማመልከቻው የሚገባውም የሚታየውም አሜሪካ ነው፤ ክፍያውም በቴሌብርም ሆነ በሐዋላ አይሆንም። የዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ መጨረሻው ዶት ጎቭ ነው፤ በዶት ኮም የሚያልቅ ሁሉ የግል ነው።

ሊወክልዎ የተስማማ ባለሙያ ጂ-28 የሚባል ፎርም ከእርስዎ ጋር ይፈርማል። ያ ከገባ በኋላ ደብዳቤዎች ለእሱም ይደርሱታል። ጂ-28 ያልፈረመ «ጠበቃ» ለእርስዎ አልቆመም። ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ የሚያዝ ውል ይጠይቁ፤ ውሉ ላይ ጠቅላላ ዋጋው፣ የመንግሥት ክፍያው በዚያ ውስጥ መኖር አለመኖሩ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አብሮ መግባት አለመግባቱ፣ ማመልከቻው ቢወድቅ የይግባኙ ዋጋ ለብቻው መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ውጤቱን እርግጠኛ ሆኖ ቃል የሚገባልዎትን አይቅጠሩ።

4. የድሮውን ፋይል ማስመጣት

ጉዳይዎ ቀላል ካልሆነ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ማንኛውም ሰው የራሱን የኢሚግሬሽን ፋይል ቅጂ በዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ በኩል በነፃ መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ በአጭሩ ፎያ ይባላል። ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ኤ-ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ሲደርስ አንዳንድ ገጽ ተሸፍኖ ይመጣል፤ የእርስዎ ቃል ግን ይነበባል። ሳምንታት ወይም ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ማመልከት ከሚቻልበት ቀን ከ6 ወር በፊት መጀመር ጥሩ ነው።

ፋይሉ ሲመጣ ከጠበቃው ጋር አምስት ነገር ይመልከቱ፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ትዳር፣ ልጆች፣ አሳይለም ከሆነ ደግሞ የተነገረው ታሪክ። የስም አጻጻፍ ልዩነት በራሱ አያስፈራም። «ጸ» አንድ ወረቀት ላይ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው ላይ በአንድ ብቻ ይጻፋል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቶ ይገኛል። ሁሉንም «ሌሎች የተጠቀምኩባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ መዘርዘር ነው። የትውልድ ቦታ አንዱ ላይ «ጎጃም»፣ ሌላው ላይ «አማራ» ቢልም እንዲሁ፤ ክፍለ ሀገሩ በክልል መተካቱን ባለሙያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል።

የቀን ስሕተት ግን ሥራ አለው። 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሁሉ 1988 ተወለደ ማለት አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 የተወለደው 1987 ነው፤ ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ያለው 1988 ነው። 1980 ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት የመጣ ስለሆነ ነው፤ በሌሎቹ ዓመታት መለወጫው ታኅሣሥ 23 ነው። መስከረም 27 ቀን 1980 ዓ.ም. ኦክቶበር 8፣ 1987 ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1980 ዓ.ም. ሜይ 5፣ 1988። አንዱ ተርጓሚ 7፣ ሌላው 8 ደምሮ የሄደበት ፋይል ብዙ ነው። በተለይ የጋብቻና የፍቺ ቀን ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት ፍቺውን ከሁለተኛው ጋብቻ በኋላ አድርጎት ቁጭ ይላል።

5. ሰማንያና የሽማግሌ ፍቺ

ለጎጃም ሰው ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም ይላል።

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። ስለዚህ በሽማግሌና በእማኝ ፊት በሰማንያ የተጋባ ሰው፣ ቀበሌ ባይመዘገብም፣ ያገባ ነው። ፍቺ ግን የሚጸናው በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ከብቱን አካፍሎ፣ «ከእንግዲህ በሰላም» ብሎ ያሰናበታቸው ባልና ሚስት በአገሩ ዓይን ተለያይተዋል፤ በሕግ ዓይን ግን ገና እንደ ተጋቢ ሊታዩ ይችላሉ።

አሁን ይህ ሰው ዲቪ ሲሞላ «አላገባሁም» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ደርሶ ሌላ አግብቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው በሕግ ካልፈረሰ ሁለተኛው ጋብቻ አይጸናም፣ በሁለተኛው ጋብቻ የተገኘ ግሪን ካርድም አብሮ ይናጋል። በልጅነት፣ ወላጆች ተስማምተው የዳሯት ሴትም አለች፤ ከጥቂት ወር በኋላ ኮብልላ ከተማ ገብታ ያን ጋብቻ ጋብቻ ብላ ጠርታው አታውቅም። ለእሷ ያለው የሕግ መልስ ከሌሎቹ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ስንት ዓመቷ እንደነበረና ፈቃዷ መጠየቅ አለመጠየቁን ለጠበቃዋ በግልጽ መንገር አለባት። ነውር የለበትም። ጠበቃው የነገሩትን ለሌላ እንዳይገልጥ ሕግ ይይዘዋል። አስተርጓሚ ካስፈለገ ግን ከእድርዎ ወይም ከአጥቢያዎ ያልሆነ ሰው ይጠይቁ፤ ብዙ እውነት በአስተርጓሚው ምክንያት ሳይነገር ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ወሳኝ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ሰነድ ይጎድለዋል» ሲባል ወዲያው ወረዳ ፍርድ ቤት ሮጦ አዲስ የፍቺ ውሳኔ ያወጣል። ያ ውሳኔ የዛሬ ቀን ይዞ ይወጣል፤ አመልካቹ አሜሪካ ካገባ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በገዛ እጁ በሁለት ትዳር ላይ እንደነበረ የሚያስረዳ ማኅተም ያለው ሰነድ አስገባ ማለት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ጠበቃ ፋይሉን አይቶ «ይህን አውጡ» ሳይል ጎጃም ያለ ዘመድ ምንም አዲስ ነገር አያስመዝግብ፣ አያስወስን። የቀድሞ ቀን የተጻፈበት ሰነድ «እናሠራለን» የሚሉትንማ ደጃቸውንም አይርገጡ፤ ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ቀሪ መንገድ የለም።

6. ጎጃም ያለው ዘመድ የሚሠራው

በመጀመሪያ የማያስፈልገውን እንለይ። የአመልካቹ የልደት የምስክር ወረቀት ለኤን-400 በአብዛኛው አይጠየቅም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲ ማኅተምም ዩኤስሲአይኤስ አይጠይቅም። ለእነዚህ አዲስ አበባ ድረስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው። የሚጠየቁት የቀድሞ ትዳር ማብቂያ ሰነድ (የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት ማስረጃ)፣ ክስ ከነበረ የፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ፣ ጎጃም የቀሩ ልጆች ካሉ ደግሞ አባት ወይም እናት እየረዳቸው መሆኑን የሚያሳይ የሐዋላ ደረሰኝ ናቸው።

የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ለማውጣት መዝገብ ቁጥሩ ካለ ሥራው ግማሽ አለቀ። ከሌለ የተከራካሪዎቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ዓመትና ወረዳውን ይዞ መዝገብ ቤት መጠየቅ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በአውራጃ ፍርድ ቤት የተወሰነ ከሆነ መዝገቡ ወዴት እንደተዛወረ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ። ግልባጩ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማኅተም፣ ፊርማና ቀን ይኑረው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም።

አመልካቹ ውክልና መላክ ካለበት ዋሽንግተን ኤምባሲው ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። «ጠቅላላ ውክልና» በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ፍርድ ቤት ለመከራከር አይበቃም። ሥራው ራሱ በስም ይጻፍ፦ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው መዝገብ፣ ምን ለማድረግ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ቤተሰብ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ቢጠይቅ ይጠቀማል። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ይመክራሉ። ስለ አሜሪካ ሕግ ግን እንዲመክሩ አይጠበቅም፤ አሜሪካ ያለው ጠበቃ የሚፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢልክላቸው ሥራው ይቀላል። ፍርድ ቤት ደጅ ያለው ራፖር ጸሐፊ ለቀላል የግልባጭ ጥያቄ ይበቃል፤ ለፍቺና ለማረጋገጫ ጉዳይ አይበቃም።

መንገድ ተዘግቶ፣ መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ወይም ወረዳው ሥራ አቁሞ ሰነዱ ካልተገኘ ነገሩ አያበቃም። የአሜሪካ ደንብ ደረጃ አለው፦ በመጀመሪያ ሰነዱ እንደማይገኝ ማስረዳት፣ ቀጥሎ ሌላ ማስረጃ (የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ካርድ)፣ እሱም ከሌለ ነገሩን በዓይናቸው ያዩና በጉዳዩ ተጠቃሚ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች የሚሰጡት ቃለ መሐላ። ምስክሮቹ ሙሉ ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የተወለዱበትን፣ ከአመልካቹ ጋር ያላቸውን ዝምድናና እንዴት እንዳወቁ ይጻፉ። «አውቀዋለሁ» ብቻ የሚል ቃል ዋጋ የለውም።

የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ከማኅተሙ ጽሑፍ ጋር ሳይቀር ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል ጽፎ ይፈርም። የትርጉም ቤት ማኅተም ግዴታ አይደለም፤ ራስዎ ባይተረጉሙት ግን ይመረጣል።

7. ክፍያው

ከኤፕሪል 1፣ 2024 ጀምሮ ክፍያው በወረቀት 760፣ በኢንተርኔት 710 ዶላር ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 400 በመቶ ያልበለጠ ሰው 380 ዶላር ይከፍላል፤ ከ150 በመቶ ያልበለጠ፣ ወይም እንደ ሜዲኬይድ (የሕክምና) እና ፉድ ስታምፕ (የምግብ) ያለ የመንግሥት እርዳታ የሚቀበል፣ በአይ-912 ፎርም ሙሉ ነፃ መጠየቅ ይችላል። የእርዳታ ካርዱን ፎቶ ብቻ መላክ በተደጋጋሚ ያስመልሳል፤ ስምና ቀን ያለበት የማጽደቂያ ደብዳቤ ነው የሚፈለገው። ከኦክቶበር 28፣ 2025 በኋላ ደግሞ በወረቀት ለሚላክ ማመልከቻ ቼክና መኒ ኦርደር አይቀበሉም፤ በካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ነው። ይህን ያልሰሙ ሰዎች ፖስታቸው ሳይከፈት ያህል ይመለስላቸዋል።

8. ፈተናው፣ በተለይ ለወላጆች

ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። ከወደቀ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። የእንግሊዝኛው ፈተና የሚቀርላቸው በማመልከቻው ቀን 50 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ናቸው፤ የታሪኩን ፈተና በአማርኛ ይወስዳሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩ ከ20 የተመረጡ ጥያቄዎች 10 ይጠየቁና 6 ይመልሳሉ።

ልጃቸው ያስመጣቸው የ70 ዓመት እናት ግን 5 ዓመት ብቻ ኖረው ከሆነ ከእነዚህ አንዱም አይደርሳቸውም። እርጅናና ፊደል አለመቁጠር እንደ ሕመም አይቆጠሩም። የመርሳት ችግር፣ ስትሮክ፣ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ካለ ግን ኤን-648 የሚባለውን የሐኪም ፎርም ማስገባት ይቻላል። የሚሞላው በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ብቻ ነው፤ ከፈለገ ሕይወት ወይም ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመጣ ወረቀት ለሐኪሙ መነሻ ይሆናል እንጂ ፎርሙን አይተካም። ሐኪሙ ሕመሙ መማርንና ማስታወስን እንዴት እንደሚከለክል ካላብራራ ይመለሳል። እዚህ ላይ ፎርሙ ከመግባቱ በፊት ጠበቃው ማንበቡ ብዙ ያድናል።

9. ቃለ መጠይቁና ከወደቀ በኋላ

ጠበቃው አብሮ ይገባል፤ በእርስዎ ፈንታ ግን አይመልስም። ያልገባዎትን ጥያቄ «አልገባኝም» ይበሉ፤ «የስ» (አዎ) ማለት የለመደ አፍ ስንት ሰው ያልሆነውን ሆኗል አሰኝቷል። ከማመልከቻው ወዲህ የተለወጠ ነገር (ጉዞ፣ ልጅ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ፍቺ) ካለ መጀመሪያውኑ ይንገሩ።

የጎደለ ሰነድ ከተጠየቀ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ጎጃም ያለው ዘመድ ከቀጠሮው በፊት ዝግጁ ይሁን። ከቃለ መጠይቁ በኋላ 120 ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ፌዴራል ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው ከወደቀ ደብዳቤው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በኤን-336 ሌላ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ አለ። 30ው ቀን አይራዘምም። አንዳንዴ ግን ይግባኙን ትቶ ምክንያቱ ሲወገድ እንደገና ማመልከት ይሻላል፤ ቀኑ ስላልደረሰ ብቻ የወደቀ ሰው ይግባኝ ብሎ የሚያተርፈው የለም።

10. ከመሐላው በፊት የአገር ቤቱን ማየት

በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከመሐላው በኋላ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዝ ስሕተት ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይም አይቀጠርም።

የገጠር መሬት ደብተር በስሙ ያለው፣ ወይም ከወላጅ የሚወርሰው መሬት ያለው ሰው ይዞታው የኢትዮጵያዊ አርሶ አደር መብት መሆኑን ያስታውስ። ከመማሉ በፊት ጎጃም ያለ ጠበቃ ያማክር፣ ከወንድም ከእኅት ጋርም በጽሑፍ ይነጋገር። የአሜሪካው ጠበቃ ይህን አያነሳውም፤ ሥራው አይደለምና።

ልጆችን በተመለከተ፦ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ ከአዲሱ ዜጋ ጋር የሚኖር ልጅ ያለ ማመልከቻ ዜጋ ይሆናል። ደጀን ወይም ዳንግላ ያለው ልጅ ግን በአባቱ መሐላ ዜጋ አይሆንም፤ ለእሱ አይ-130 የሚባለውን ዘመድ የማስመጫ ፎርም መሙላት ያስፈልጋል። 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለእናት ለአባቱ፣ ለወንድምና ለእኅቱም በዚሁ ፎርም ያመለክታል። ለኤን-400 ያላስፈለገው የአመልካቹ የልደት የምስክር ወረቀት እዚህ ላይ ግዴታ ነው። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ወረቀት ዘግይቶ የተመዘገበ ተብሎ ይታያል፤ የክርስትና ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ካርድና የወላጆች መታወቂያ አብረው ቢሄዱ ይጠቅማሉ። በሁሉም ላይ የእናትና የአባት ስም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከመላኩ በፊት ያረጋግጡ።